የአቅም ማሻሻያ ዓመትና የጤና ሙያ ትምህርት፦ ከደቡብ ጎንደር ደጋ አንጻር

መግቢያ

ወደ ጤና ሙያ ትምህርት ቤቶች የሚገባው ተማሪ ማን ነው? የሚገባውስ በምን መስፈርት ነው? ይህ ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሮች ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ የሚመረጠው ወጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድኃኒት የሚያዝ፣ ምጥ የያዛትን እናት የሚያዋልድ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ይሆናልና ጉዳዩ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን ሁሉ ይመለከታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በነዚህ ባለሙያዎች እጅ የሚወድቀውን በሽተኛ ይመለከታል።

ጥያቄው በኢትዮጵያ በተለየ ሁኔታ የተነሣው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር ሲገለጽ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ካስፈተኗቸው ተማሪዎች መካከል አንድም ያለፈ አልነበራቸውም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በነዚህ ተማሪዎች ብቻ ቢወሰኑ ኖሮ አብዛኛው የመማሪያ ክፍል ባዶውን በቀረ ነበር። በመሆኑም የትምህርት ሚኒስቴር የመግቢያውን ውጤት ካላገኙት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸውን ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች በመምረጥ የአቅም ማሻሻያ ወይም በተለምዶ ሬሚዲያል ተብሎ የሚጠራውን ፕሮግራም እንዲከታተሉ አደረገ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የመሸጋገሪያ ትምህርት ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ በጤና ሙያ ትምህርት ረገድ ምን ሊያስገኝና ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማብራራት ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው የደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ አካባቢ ነው።

የመሸጋገሪያ ዓመት ምንነት

የመሸጋገሪያ ወይም የመሠረት ዓመት ሲባል መደበኛውን የመግቢያ መስፈርት ያላሟላ፣ ነገር ግን የመማር ተስፋ ያለው ተማሪ ወደ ዲግሪ ትምህርት ከመግባቱ በፊት የጎደለውን የሚያሟላበት ጊዜ ማለት ነው። ቀድሞ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ይሰጥ ከነበረው መሰናዶ ይለያል፤ መሰናዶው ለሁሉም የሚሰጥ መደበኛ ትምህርት ሲሆን ይህኛው ግን መደበኛው ትምህርት ያላደረሰውን ተማሪ ለማድረስ የታሰበ ነው። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ከተጀመረው የመጀመሪያ ዓመት ወይም ፍሬሽማን ፕሮግራምም ይለያል። ፍሬሽማን የዲግሪው ትምህርት አንድ ክፍል ነው፤ ሬሚዲያል ግን ከዲግሪው ደጃፍ ውጭ ያለ ነው፤ ያለፈ ይገባል፣ ያላለፈ አይገባም።

ሐሳቡ ለደቡብ ጎንደር ሕዝብ እንግዳ አይደለም። አካባቢው ከቀድሞ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቀ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ መሆናቸው በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህ ሥርዓት ተማሪው ጾመ ድጓውን ሳያደርስ ወደ ድጓው አይሻገርም። አንዱ ፈጥኖ ያደርሳል፣ ሌላው ዘግይቶ ያደርሳል፤ የዘገየው ግን በመዘግየቱ አይባረርም፣ ሳይችል ደግሞ አይመሰከርለትም። የትምህርቱ ልክ አንድ ሆኖ ጊዜው እንደ ተማሪው ይረዝማል ወይም ያጥራል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጊዜው ለሁሉም እኩል ተቆርጦ የሚሰጥ ሲሆን የሚለያየው የተማሪው ዕውቀት ነው። የመሸጋገሪያ ዓመት በመሠረቱ ይህን ለማቃናት የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ልኩን ሳይቀንሱ ጊዜውን መጨመር።

ከዚህ ቀደም የነበሩ መንገዶች

በኢትዮጵያ የጤና ሙያ ታሪክ ውስጥ ወደ ሙያው የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ሲከፈት የታሰበው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለማሠማራት ነበር። ለሦስቱ ሙያዎች የሚጠየቀው የመግቢያ ደረጃ አንድ ዓይነት አልነበረም። በወቅቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ወጣት በቁጥር ጥቂት ስለ ነበረ፣ በተገኘው የትምህርት ደረጃ ላይ ሙያውን መገንባት ግዴታ ነበር።

ከዚያም በኋላ ድሬሰሮችና ጤና ረዳቶች በየጤና ጣቢያውና በየክሊኒኩ ለብዙ ዓመታት የገጠሩን ሕዝብ አገልግለዋል። ከነሱም መካከል ደረጃ በደረጃ ተምረው ወደ ነርስነትና ወደ ጤና መኮንንነት፣ አልፎ አልፎም ወደ ሐኪምነት የደረሱ ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ የየቀበሌው ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተሠማርተዋል፤ ብዙዎቹም ቆይተው ወደ ደረጃ 4 ከፍ እንዲሉ ተደርጓል።

ወደ ውጭ አገር የተላኩት ተማሪዎች ታሪክም የሚያስተምረው አለ። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት ለሕክምና ትምህርት የሄዱ ኢትዮጵያውያን በቀጥታ ወደ ሕክምና ፋኩልቲ አይገቡም ነበር። በመጀመሪያ በመሰናዶ ፋኩልቲ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጠው የሩስያ ቋንቋ ይማራሉ፤ ከቋንቋው ጋርም ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን በዚያው ቋንቋ ይከልሳሉ። ፊደሉን እንኳ የማያውቁት ቋንቋ በአንድ ዓመት ውስጥ የአናቶሚ መጽሐፍ የሚያነቡበት ቋንቋ ሆኖላቸዋል። ከነዚህ መካከል ተመልሰው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያገለገሉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ለውጤቱ ምክንያት የሆነው የዓመቱ መርዘም ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚሁ ማዋላቸው፣ በትንንሽ ቡድን መማራቸውና ቋንቋውና ሳይንሱ ሳይነጣጠሉ መሰጠታቸው ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተከፈተ በርም አለ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተመራቂዎች ተቀብሎ ሐኪም ለማድረግ የታሰበ ነበር። ይህም የመግቢያው ውጤት በ12ኛ ክፍል ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን ያሳያል።

የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራሙ አሠራር

ፕሮግራሙ በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንዲማሩ ተደረገ። ምዘናው በሁለት ተከፈለ፤ 30 ከመቶው በተማሩበት ተቋም በሚሰጥ ተከታታይ ምዘና፣ 70 ከመቶው ደግሞ በማዕከል በሚዘጋጅ አገር አቀፍ ፈተና እንዲሆን ተወሰነ። ከሁለቱ ድምር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ወደ ፍሬሽማን ፕሮግራም ይሸጋገራል። በፍሬሽማን ጊዜም ከጠቅላላ ትምህርቶች ጋር ጀነራል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይማራል፤ ወደ ሕክምና፣ ወደ ነርሲንግ፣ ወደ ሚድዋይፍሪ ወይም ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ የሚመደበው ከዚህ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው።

በቀጣዮቹ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ውጤት ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አልተሻሻለም። 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. ፈተና 27,267 (3.2 ከመቶ)፣ በ2016 ዓ.ም. 36,409 (5.4 ከመቶ)፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 (8.4 ከመቶ) ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች የሚያስረዱት በአንድ ዓመት ድንገት የደረሰ አደጋ ሳይሆን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሲጠራቀም የቆየ ጉድለት መኖሩን ነው። ለብዙ ዓመታት በፈተና ስርቆትና በኩረጃ ተሸፍኖ የነበረው ጉድለት ፈተናው በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ተገለጠ። ስለሆነም በአራት ወይም በአምስት ወራት ክለሳ ብቻ ይወገዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የደቡብ ጎንደር ተማሪ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በገሳይና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የደቡብ ጎንደርን ደጋ ያቋርጣል። ከጉና ተራራ ግርጌ የሚገኙት ቀበሌዎች ገብስና ድንች የሚመረትባቸው፣ ብርዱ የሚጠናባቸው ናቸው። ብዙ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ረጅም መንገድ በእግር ተጉዘው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚከታተሉትም ብዙ ጊዜ ከወላጆቻቸው ርቀው በከተማ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከገጠር እየተላከላቸው ነው። በዚህ ኑሮ ላይ የሚያጠና ተማሪ ከትልቅ ከተማ ተማሪ ጋር በአንድ ወረቀት ይፈተናል።

በዚህ ላይ ጦርነትና ግጭት ተጨምሮበታል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫን አካቶ ደብረ ታቦር ድረስ ሲዘልቅ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ለጉዳት ተዳርገዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያትም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ሁለት ዓመት ትምህርት የተቋረጠበት ተማሪ ዝቅተኛ ነጥብ ቢያመጣ ነጥቡ የሚለካው ችሎታውን ብቻ አይደለም፤ ያልተማረበትን ጊዜም ይለካል። ፈተናው ሁለቱን ለይቶ ሊያሳይ አይችልም።

ይህ ተማሪ ለጤና ሙያ ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው፣ በ2021ም ባሻሻለው መመሪያ ገጠር ውስጥ ያደጉ ተማሪዎችን ለጤና ሙያ መቀበል፣ ትምህርት ቤቶቹንም ከዋና ከተሞች ውጭ ማቋቋም፣ ባለሙያን በገጠር ለማቆየት ከሚረዱት መንገዶች መካከል መሆናቸውን አስፍሯል። ከገጠር የመጣ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ወደ ገጠር የመመለሱና በዚያ የመቆየቱ ዕድል እንደሚበልጥ በብዙ አገሮች ታይቷል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና ተማሪዎቹ የሚሠለጥኑበት የደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገኙት በዚሁ ደጋ መካከል ነው። ዩኒቨርሲቲው የሬሚዲያል ተማሪዎችን ከተቀበሉት መካከል በመሆኑ፣ የመመሪያው ሁለቱም ሐሳቦች በአንድ ቦታ ሊገናኙበት የሚችል ተቋም ነው።

ምን መማር ይገባዋል

የመሸጋገሪያ ዓመት የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን መጻሕፍት በጥድፊያ መድገም ከሆነ ተማሪው ፈተና ያልፍ ይሆናል እንጂ አይደርስም። ለጤና ሙያ የሚዘጋጅ ተማሪ መሠረታዊ ሳይንሱን ከሚጠብቀው ሥራ ጋር አያይዞ ሊማረው ይገባል። ጥቂት ምሳሌዎች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል።

ሒሳብ፦ ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ለሆነ ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይሰጠው ቢባል የሚያስፈልገው 180 ሚሊ ግራም ነው። ሽሮፑ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የሚሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሒሳብ የአንደኛ ደረጃ ነው፤ ነገር ግን ነጥቧን አንድ ቤት ያሳሳተ ሰው 75 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ይህም ከሚገባው አሥር እጥፍ ነው። ተመጣጣኝነትን፣ አሥርዮሽንና መለኪያ መቀየርን በእጁ ያላስገባ ተማሪ ካልኩለስ ቢያጠና ለበሽተኛው አይጠቅምም።

ፊዚክስ፦ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ ያው 21 ከመቶ ቢሆንም ግፊቱ ስለቀነሰ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ኦክሲጅን ያንሳል። በመሆኑም በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ከቆላው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ውኃም በደብረ ታቦር የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የሕክምና መሣሪያ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ እንዲደርስ በባሕር ወለል ላይ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ማሳየቱ ይበቃል፤ በደብረ ታቦር ከፍታ ግን 19 ገደማ ማሳየት ይኖርበታል። ምክንያቱም መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት እንጂ ጠቅላላውን ግፊት አይደለም። የጋዝ ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲጻፍ የሚረሳ ቀመር ነው፤ በአካባቢው ሆስፒታል ማምከኛ ክፍል ሲታይ ግን የማይረሳ ዕውቀት ይሆናል።

ኬሚስትሪ፦ 0.9 ከመቶ የሆነ የጨው ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው ይይዛል። ይህን የተረዳ ተማሪ ቀይ የደም ሴል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ለምን እንደሚፈነዳ፣ በከባድ ጨው ውስጥም ለምን እንደሚጨማደድ ለመረዳት አይቸገርም፤ ከባዮሎጂው ጋርም ያገናኘዋል።

እንግሊዝኛ፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ብዙ ተማሪዎች በሳይንስ የወደቁ የሚመስላቸው በቋንቋ ወድቀው ነው። «በየስድስት ሰዓቱ» እና «ለስድስት ሰዓት» የሚሉትን ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ለይቶ ማንበብ ያልቻለ ሰው ስሕተቱ በበሽተኛ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የቋንቋው ትምህርት ከሰዋስው ዝርዝር ይልቅ የሳይንስ ጽሑፍ አንብቦ መረዳትን፣ አጭር ሪፖርት መጻፍንና የሰሙትን በትክክል መመዝገብን ሊያተኩርበት ይገባል። ከዚህ ጎን ለጎን ተማሪው በእንግሊዝኛ የተማረውን ለገሳይ ገበሬ በአማርኛ አስረድቶ መናገር መቻል አለበት፤ ይህም ልምምድ የሚጠይቅ ችሎታ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በእንግሊዝ አገር የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2001 የተራዘመ የሕክምና ዲግሪ ፕሮግራም ጀምሯል። ፕሮግራሙ የሚቀበለው በተራ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሩ፣ ውጤታቸው ለመደበኛው መግቢያ የማይበቃ ነገር ግን በትምህርት ቤታቸው ደረጃ ሲታይ ጥሩ የሆኑ ወጣቶችን ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ለነሱ በሁለት ዓመት ተከፍሎ ስለሚሰጥ ሕክምናውን በአምስት ዓመት ፋንታ በስድስት ዓመት ያጠናቅቃሉ። ዋናው ቁም ነገር ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር የሚወስዱት ፈተና አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የተጨመረው ጊዜና ድጋፍ ነው፤ ከመመረቂያው ልክ የተቀነሰ የለም።

በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከትሏል። በሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ መንፈቅ የወደቁ ተማሪዎች ሳይባረሩ ለአንድ ዓመት በተለየ የድጋፍ ፕሮግራም እንዲቆዩና ከዚያ ወደ መደበኛው እንዲመለሱ አድርጓል። በኩባም በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ወደ ሕክምናው ከማስገባቱ በፊት የመሰናዶ ኮርስ ይሰጣል።

ከነዚህ ተሞክሮዎች የሚወሰደው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ መራጩ የተማሪውን ነጥብ ከተማረበት ትምህርት ቤት ጋር አነጻጽሮ ያያል። ሁለተኛ፣ ድጋፉ የሚሰጠው ተማሪው ወደ ሙያው ከገባ በኋላም ነው እንጂ በር ላይ ብቻ አያበቃም። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው መመዘኛ ለማንም አይቀነስም።

የጥራት ጥያቄ

አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን የመሰለው መንገድ የሙያውን ክብርና የበሽተኛውን ደኅንነት ይጎዳል ብለው ይሰጋሉ። ሥጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ያለፉት 40 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ዓመታትን በዩኒቨርሲቲ ያሳለፈ ተመራቂ በመጨረሻው በር ላይ ሲቀር ኪሣራው የተማሪው፣ የቤተሰቡና የአገሩ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመግቢያ ፈተና ትንበያ ነው፤ ተማሪው ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። የመውጫ ፈተናና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ሙያ የሚሰጠው የብቃት ምዘና ግን ተማሪው አሁን ምን እንደሚያውቅና እንደሚችል ይመዝናሉ። በሽተኛውን የሚጠብቁት በሮች በዋናነት እነዚህ ናቸው። በሬሚዲያል የመጣ ተማሪ የማዕከላዊውን ፈተና፣ የፍሬሽማኑን ውጤት፣ የትምህርት ክፍሉን ምዘናዎች፣ የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ብቃት ምዘናውን ሁሉ ካለፈ ከየት እንደ ተነሣ መጠየቁ ለበሽተኛው የሚፈይደው ነገር የለም።

አደጋው የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። የመግቢያው በር ሰፍቶ ከውስጥ ያለው ድጋፍ ካልተጠናከረ፣ መምህሩ በአንድ ክፍል ውስጥ በብዛት የታጨቁ ተማሪዎችን እንዲያስተምር ከተገደደ፣ ላቦራቶሪው ኬሚካል ከሌለው፣ የመሸጋገሪያው ዓመት ድልድይ መሆኑ ቀርቶ ውድቀትን ለጥቂት ዓመታት ማዘግየት ብቻ ይሆናል። እንዲህ ከሚሆን ለተማሪው ገና በመጀመሪያው እውነቱን ነግሮ ሌላ መንገድ ማሳየት ይሻላል።

ሌላ መንገድም አለ። በጎንደር አጠገብ እንዳለው የቴዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉ የክልል ኮሌጆች በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት በደረጃ ያሠለጥናሉ። ሠልጣኙ የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፎ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል አገልግሎ፣ በኋላ ወደ ዲግሪ ትምህርት ሊሸጋገር ይችላል። ይህ መንገድ ይረዝማል፤ ነገር ግን ተማሪው በመካከሉ ደመወዝ የሚያገኝበትና ሕዝብ የሚያገለግልበት ነው። በቤተሰብም ሆነ በትምህርት ቤት እንደ ውድቀት መታየት የለበትም።

ምን መደረግ ይኖርበታል

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ሊሰጣቸው ይገባል።

1. በመግቢያ ጊዜ ጉድለቱን የሚያሳይ አጭር ምዘና ይሰጥ። ሁሉም ተማሪ ሁሉን ነገር እኩል አልሳተም፤ አንዱ አሥርዮሽ፣ ሌላው ንባብ ይጎድለዋል። ጉድለቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ ትምህርት ምርመራ ሳይደረግ እንደሚሰጥ መድኃኒት ነው።

2. ጊዜው በቂ ይሁን። ከ12 ዓመት የተጠራቀመ ጉድለት በአንድ መንፈቅ አይሞላም። ወደ ጤና ሙያ ለሚያመለክቱት ቢያንስ ሙሉ የትምህርት ዓመት ቢታሰብ፣ ፈጥኖ ያደረሰውም ፈጥኖ ቢሸጋገር ተገቢ ነው።

3. ሆስፒታሉ የትምህርቱ አካል ይሁን። ተማሪዎቹ በሳምንት ጥቂት ሰዓት በላቦራቶሪ፣ በማምከኛ ክፍልና በፋርማሲ እየተገኙ የተማሩት ሳይንስ የሚሠራበትን ቦታ ቢያዩ ለማጥናት የሚኖራቸው ፍላጎት ይጨምራል። ሙያው እንደማይስማማቸው የሚረዱትም ገና ሳይመሽ ያውቁታል።

4. ድጋፉ ወደ ፍሬሽማንና ከዚያም ወደ ትምህርት ክፍል ይከተላቸው። የላይ ዓመት ተማሪዎች በቡድን የሚያስጠኑበት ሥርዓት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ለሚያስጠኑትም ትምህርታቸውን ያጠነክርላቸዋል።

5. ውጤቱ ይመዝገብ። በሬሚዲያል የገቡ ተማሪዎች እስከ ሙያ ብቃት ምዘናው ድረስ ያላቸው ውጤት ከቀጥታ ገቢዎቹ ጋር ተነጻጽሮ ሊጠና ይገባል። ይህ ካልተደረገ ክርክሩ በግምት ላይ ብቻ ይቀጥላል። ለሕክምና ማኅበራትና ለጤና ሳይንስ ኮሌጆች ጥሩ የጥናት ርዕስ ነው።

6. ምክር ከሁለተኛ ደረጃ ይጀምር። በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በአካባቢው የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሄደው ስለ ሙያው፣ ስለ መንገዶቹና ስለሚጠይቁት ድካም ቢናገሩ፣ ተማሪው የሚመርጠውን አውቆ ይመርጣል።

ማጠቃለያ

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የአካባቢውን ወጣቶች ከአውሮፓውያን ባለእጆች ጋር አሠርተው የብረት ሥራን እንዲማሩ ያደረጉት መጀመሪያ ፈተና አስፈትነው አልነበረም። ዕውቀቱ በአገሩ ስላልነበረ ከሥራው ጋር መስጠት ነበረባቸው። የዛሬው የጤና ሙያ በዚያ ዓይነት መንገድ ሊሰጥ አይችልም፤ ልኩ የታወቀ፣ ስሕተቱም ሕይወት የሚያስከፍል ነውና። ይሁን እንጂ ትምህርት በቤቱ ደጃፍ ያልደረሰውን ወጣት የት ድረስ ሊማር ይችላል ብሎ መሞከር ተገቢነቱ ያው ነው።

የአቅም ማሻሻያ ዓመት በደካማ ዝግጅት ከተሰጠ ተማሪውን አታልሎ ጊዜውን የሚወስድ፣ በሽተኛውንም ለአደጋ የሚያጋልጥ ይሆናል። በሚገባ ከተሰጠ ግን ጦርነትና ድህነት ከትምህርት ያስተጓጎሉትን የደጋ ልጅ ወደ ራሱ ሕዝብ ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ አድርጎ ይመልሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሕግ ወይም በመቁረጫ ነጥብ ብቻ አይወሰንም። የሚወሰነው በየዕለቱ በክፍል ውስጥ በሚሠራው ሥራ፣ በላቦራቶሪው ዕቃ፣ በመምህሩ ትጋትና አስቀድመው ሙያውን የያዙት ባለሙያዎች ለተተኪዎቻቸው በሚሰጡት ጊዜ ነው።